ክራር አሠርቶ መረከብ፦ «ይለምዳል» ሲባል የቱን ማመን፣ የቱን መመለስ

ወሎ ውስጥ ክራር አሠርቶ የሚቆጭ ሰው ቅሬታው አንድ ዓይነት ነው፦ በተረከበበት ቀን ሲያንጎራጉር የዋለው ክራር በሳምንቱ ቅኝት አልይዝ ይላል። ወደ ሠሪው ሲመለስ «ይለምዳል» ተብሎ ይሸኛል። ቃሉ ለአዲስ ክር እውነት ነው። ለተጣመመ ክንድ፣ ላልደረቀ እንጨት፣ ለሚንሸራተት ቀንበር ግን እውነት አይደለም፤ እነዚህ እያደር ይብሳሉ እንጂ አይለምዱም። ይህ መመሪያ ሁለቱን ለመለየት ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ቆዳ ከተወጠረ በኋላ የገበቴን ስንጥቅ፣ ክር ከገባ በኋላ የክንድን ጥመት ማረም ሁሉን እንደገና ማፍረስ ነው።

በስሞቹ እንግባባ። ገበቴ የድምፅ ሳጥኑ ነው። ክንድ ከገበቴው የሚወጡት ሁለቱ ቋሚዎች፣ ቀንበር ክንዶቹን ከላይ የሚያገናኘው አግዳሚ፣ ብርኩማ ክሮቹ ቆዳው ላይ የሚያርፉበት ትንሽ እንጨት፣ መቃኛ ደግሞ ክሩ ቀንበሩ ላይ የሚጠብቅበት ነው። ሠሪው በሌላ ስም ከጠራው በጣት አሳዩት።

ደረጃ 1፦ ከማዘዛችሁ በፊት የሚወሰን

ድርድር ወይስ ግርፍ? በጣት ለሚደረደር ክራር ብርኩማው ላይ በክሮቹ መካከል ከ10 እስከ 12 ሚ.ሜ. ክፍተት ጠይቁ። በመግረፊያ ለሚመታ ከ7 እስከ 9 ሚ.ሜ. ይበቃል። ነገር ግን በግርፍ ጊዜ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ከኋላ ስለሚያፍኑ፣ ክሮቹ ወደ ቀንበሩ ሲወጡ ጣታችሁ የሚገባበት ስፋት ሊኖራቸው ይገባል። ግራኝ ከሆናችሁ አሁኑኑ ተናገሩ።

የድምፃችሁ ከፍታ። ሳትጨነቁ የምትዘፍኑበትን ዝቅተኛ ድምፅ በስልክ ቱነር (የድምፅን ከፍታ በሚለካ የስልክ መተግበሪያ) አግኙና ጻፉት። የክሩ ርዝመትም ውፍረትም የሚወሰነው በዚህ ነው። «እንደተለመደው ሥሩልኝ» ያለ ሰው የሚረከበው በሠሪው ድምፅ ልክ የተሠራ ክራር ነው።

መቃኛው። ሦስት ምርጫ አለ፦ ቀንበሩ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ፣ የእንጨት ካስማ፣ የጊታር መቃኛ። ጨርቁ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ግን እጅ መልመድ አለበት። ካስማ በክረምት አብጦ አልዞር ይላል፣ በበጋ ከስቶ ይንሸራተታል። የጊታር መቃኛ ለጀማሪም፣ መድረክ ላይ ቅኝት ለሚቀያይርም ይመቻል። ጣጣው ግን አለው፦ ስድስቱ መቃኛዎች ክራሩን ወደ ላይ ያከብዱታል፤ ለመቃኛ 10 ሚ.ሜ. የሚበሳ ቀንበር ውፍረቱ ከ24 ሚ.ሜ. ካነሰ በቀዳዳዎቹ መስመር ይሰነጠቃል። ቀንበሩን ሳያወፍር መቃኛ ልግጠም የሚል ሠሪ ካጋጠማችሁ ጨርቁን ምረጡ።

ጊዜው። ሥራው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ እንዲያልቅ አድርጋችሁ እዘዙ። በክረምት የተገጠመ እንጨት በበጋ ይከስና መገጣጠሚያው ይላላል። ወሎ የበልግ ዝናብም እንዳለው ብዙ ሰው ይረሳል፤ መጋቢትና ሚያዝያም ለቆዳ ሥራ አይታመኑም።

ደረጃ 2፦ ልኩን በወረቀት

ሠሪው ጋሼ ወይም አባባ የምትሏቸው ሰው ቢሆኑም ወረቀት አትፍሩ። «ጋሼ፣ እንዳልረሳው ልጻፈው» ብሎ መጀመር ማንንም ቅር አያሰኝም። ለባለ ስድስት ክር መካከለኛ ክራር የሚከተለው ልክ ጥሩ መነሻ ነው፦

- ከብርኩማ እስከ ቀንበር የክር ርዝመት፦ 50 ሳ.ሜ.
- የገበቴው አፍ፦ ከ26 እስከ 28 ሳ.ሜ.፤ ጥልቀቱ ከ9 እስከ 11 ሳ.ሜ.
- የገበቴው ግድግዳ፦ ከ8 እስከ 10 ሚ.ሜ.፤ ቆዳ የሚያርፍበት ጠርዝ 12 ሚ.ሜ.
- ክንድ፦ ከ24 እስከ 26 ሚ.ሜ. ውፍረት
- ቀንበር፦ 24 ሚ.ሜ.፤ ክር የሚጠመጠምበት ቦታ ቫርኒሽ የማይነካው
- ቀለም፣ ዶቃ፣ ጸጉርና ሌላ ጌጥ፦ ሙከራው ካለቀ በኋላ ብቻ

የመጨረሻው መስመር ቀልድ አይደለም። ቀለም የተቀባ ገበቴ ስንጥቁን ይደብቃል፤ የተንጠለጠለ ዶቃ ደግሞ እየተንቀጠቀጠ የሌለ ጉድለት እንድትፈልጉ ያደርጋችኋል።

ክፍያውን ለሦስት ክፈሉት፦ አንዱ ለእንጨትና ለቆዳ፣ አንዱ ደረጃ 5ን ሲያልፍ፣ የቀረው ከተረከባችሁ ከ14 ቀን በኋላ። ሠሪው 14 ቀን ይበዛል ካሉ 7 ላይ ተስማሙ፤ ከዚያ በታች አትውረዱ። አብዛኛው ጉድለት የሚታየው በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ደረጃ 3፦ እንጨቱን ቆዳ ሳይለብስ ማየት

ለገበቴ ዋንዛ ምረጡ። ቀላል ነው፣ ለመፈልፈል ይመቻል፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም። ለቀንበር ወይራ ጠንካራ ነው፤ ቢከብድም ክር አይበላውም። ባሕር ዛፍ ቀርቦላችሁ ከሆነ ለክንድ እምቢ በሉ፤ ሲደርቅ መጠምዘዝ ልማዱ ነው።

1. ድርቀቱን በሚዛን ፈትሹ። የተፈለፈለውን ገበቴ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑና ቁጥሩን ጻፉ። በ7ኛው ቀን እንደገና መዝኑ። ክብደቱ ከመቶ አንድ በላይ ከቀነሰ (ለምሳሌ 1,200 ግራም የነበረው ከ1,188 በታች ከወረደ) ውኃው ገና እየወጣ ነው። ቆዳ አይልበስ። ሳምንት ጠብቁና ድገሙ። ያልደረቀ ገበቴ ላይ ቆዳ ሲወጠር አፉ ከክብ ወደ ሞላላ ይሳባል፤ ያን የሚመልሰው የለም።

2. ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ገበቴው ውስጥ አስገብታችሁ አፉን በወፍራም ጨርቅ ክደኑ። ብርሃን የሚያፈስ መስመር ስንጥቅ ነው። ጠርዙ ላይ እስከ 3 ሳ.ሜ. የደረሰ የፀጉር ያህል ስንጥቅ በእንጨት ኮላ ተሞልቶ፣ ታስሮ 24 ሰዓት ቢቆይ ይድናል። ክንድ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለ ስንጥቅ ግን፣ ምንም ያህል ቢያንስ፣ ገበቴውን ይጥለዋል።

3. የክንዶቹን ዘንግ ተከተሉ። የእንጨቱ መስመር ከታች እስከ ላይ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። መሐል ላይ ወደ ጎን የሚወጣ መስመር ካለ በዚያው ይሰበራል። ከገበቴው ወይም ከቀንበሩ በ5 ሳ.ሜ. ውስጥ ዐይን (ጉጥ) ካለበት ይቀየር።

ደረጃ 4፦ ቆዳው

ክራር የሚበላሸው ከሁሉ በላይ እዚህ ነው፤ ሠሪውም የሚቸኩለው እዚሁ ላይ ነው።

የፍየል ጥሬ ቆዳ ፈልጉ፦ ጸጉሩ የወጣለት፣ ሥጋውና ስቡ የተፋቀ፣ ግን ያልለፋ። ለጫማና ለጃኬት የለፋ ቆዳ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ሌላ ቦታ ቢገኝ፣ ለክራር አይሆንም። ለስላሳና ተለጣጭ ስለሆነ ድምፁን ይውጠዋል፤ ቢወጥሩትም ይላላል። ለብራና የሚፋቅ ቆዳ ይሆናል፤ ፋቂው ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ ሳያሳሱት ከ0.5 እስከ 0.8 ሚ.ሜ. ላይ እንዲያቆሙ ንገሯቸው።

በመስኮት ብርሃን ላይ ዘርጉትና ከኋላው እጃችሁን አስቀምጡ። የእጁ ጥላ በሁሉም ቦታ እኩል መታየት አለበት። ጠቆር ያለ ክፍል ስብ ወይም ያልተፋቀ ሥጋ ነው፤ በክረምት እርጥበት የሚስበውና የሚሸተው እሱ ነው። በጣም የሚያበራ ነጥብ ደግሞ ቢላ የነካው ነው፤ የሚቀደደው ከዚያ ነው።

የመወጠሩ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. ቆዳውን በቀዝቃዛ ውኃ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ንከሩ፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሲተጣጠፍ ይወጣል። ሙቅ ውኃ ክልክል ነው። ውኃው 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጥሬ ቆዳ ይኮማተርና እንደ ላስቲክ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አይሠራም።
2. የጀርባ አጥንት መስመሩን በገበቴው መሐል፣ ከታች ወደ ላይ አስተካክሉ። ግራና ቀኙ እኩል ውፍረት የሚያገኘው እንዲህ ነው። ጸጉር የነበረበት ፊት ወደ ውጭ ይሁን።
3. በእጅ ብቻ ወጥሩ። እርጥቡን ቆዳ በአውራ ጣት ስትጫኑት 1 ሳ.ሜ. ያህል መስመጥ አለበት። ሲደርቅ ራሱ ይኮማተራል። በእርጥቡ እንደ ከበሮ የተወጠረ ቆዳ ሲደርቅ ወይ ራሱን ይቀድዳል ወይ ገበቴውን ያጣምማል።
4. በጠፍር ከኋላ ይታሰር፣ ወይም በየ2 ሳ.ሜ. በናስ ሚስማር ይመታ። የብረት ሚስማር በእርጥብ ቆዳ ውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱ በዙሪያው ያለውን ቆዳ ይበላል። ስትመቱ ተቃራኒ ጎኖችን እያፈራረቃችሁ ሂዱ፦ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ዙሪያውን መምታት ሽብሽቡን ሁሉ መጨረሻው ላይ ያከማቻል።
5. ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ከ2 እስከ 3 ቀን ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ምድጃ አጠገብም አይቀመጥ። ዝናብ ከመጣ ሳምንት ጠብቁ።
6. ክንዶቹ በቆዳው በኩል የሚገቡ ከሆነ ቀዳዳው ክብ ይሁን፤ ጥግ ያለው ቅዳጅ ከጥጉ ይቀጥላል። የድምፅ ቀዳዳዎችም ቆዳው ከደረቀ በኋላ፣ በተሳለ ክብ መብሻ ይወጡ።

ሲደርቅ ፈትሹት። በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ1 እስከ 2 ሚ.ሜ. በላይ መስመጥ የለበትም። የገበቴውን አፍ በሁለት አቅጣጫ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ3 ሚ.ሜ. ካለፈ እንጨቱ አልደረቀም ነበር። ጠርዝ ላይ ሽብሽብ ካለ «ይለምዳል» አይሠራም። ሽብሽብ ማለት ቆዳው በዚያ በኩል አልተወጠረም ማለት ነው። በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይለስልስ፣ የዚያ ጎን ሚስማር ይነቀል፣ ከተራ ቁጥር 3 ጀምሮ ይደገም።

ደረጃ 5፦ ክንድና ቀንበር፣ ክር ሳይገባ

ሁለት ቀጥ ያሉ ማስመሪያዎች ያስፈልጋሉ። ክራሩን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኙት። አንዱን ማስመሪያ ከገበቴው አጠገብ፣ ሁለተኛውን ከቀንበሩ ሥር በሁለቱ ክንዶች ላይ አጋድሙ። ጎንበስ ብላችሁ በአንድ ዐይን ከታች ወደ ላይ ተመልከቱ። የሁለቱ ማስመሪያዎች ጠርዝ ተደራርቦ እኩል መታየት አለበት። አንዱ ጫፍ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ካለ ክንዶቹ ተጠማዘዋል። ሙሉ ክር ሲገባበት ከ12 ኪሎ ያላነሰ ውጥረት ስለሚያርፍበት ጥመቱ ይብሳል። ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ሞልታችሁ ቀንበሩ ላይ ቀንና ሌሊት ከማንጠልጠል ይበልጣል።

ቀጥሎ ከገበቴው ግርጌ፣ ክሮቹ ከሚታሰሩበት ነጥብ እስከ ግራ ክንድ ጫፍና እስከ ቀኝ ክንድ ጫፍ በሲባጎ ለኩ። የ5 ሚ.ሜ. ልዩነት ይታለፋል። ከዚያ ካለፈ ቀንበሩ ተጋድሟል። ሆን ተብሎ የተጋደመ ቀንበር አለ፤ ሠሪው አስበውበት ከሆነ የእያንዳንዱን ክር ርዝመት ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ካልቻሉ ስህተት ነው።

በመጨረሻ ክንዶቹን ይዛችሁ ቀንበሩን ወደፊትና ወደኋላ ለመጠምዘዝ ሞክሩ። «ጭው» ካለ ወይም ከተነቃነቀ መገጣጠሚያው በሽብልቅና በኮላ ይጥበቅ። በጨርቅ ጠቅልሎ ማሰር መሸፈን እንጂ ማጥበቅ አይደለም።

ይህን ካለፈ ሁለተኛውን ክፍያ ስጡ።

ደረጃ 6፦ ክር

ጅማት ጥሩ ድምፅ አለው፤ እርጥበት ግን ይረብሸዋል። የብረት ክር ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስለማይለጠጥ ግን ቀንበሩ በፀጉር ያህል ቢንቀሳቀስ ቅኝቱ ይዘላል። ለመጀመሪያ ሙከራ የዓሣ ማስገሪያ ናይለን ተጠቀሙ፤ ውፍረቱ ጥቅልሉ ላይ ስለሚጻፍ መምረጡ ግምት አይጠይቅም።

ለ50 ሳ.ሜ. ርዝመትና ከሶል (ቱነሩ ላይ ጂ 3) ለሚነሳ ሙሉ ትዝታ ይህ ይሆናል፦

- 1ኛ፦ ሶል፣ 0.80 ሚ.ሜ.
- 2ኛ፦ ላ፣ 0.70 ሚ.ሜ.
- 3ኛ፦ ሲ፣ 0.60 ሚ.ሜ.
- 4ኛ፦ ሬ፣ 0.50 ሚ.ሜ.
- 5ኛ፦ ሚ፣ 0.45 ሚ.ሜ.
- 6ኛ፦ የላይኛው ሶል፣ 0.40 ሚ.ሜ.

በዚህ አመራረጥ እያንዳንዱ ክር ወደ 2 ኪሎ ይወጠራል፤ ዋናው ጥቅሙም ይህ እኩልነት ነው። ስድስቱን ከአንድ ጥቅልል መቁረጥ የተለመደ ስህተት ነው፦ ወፍራም መሆን የነበረበት ክር ይልፈሰፈሳል፣ ቀጭን መሆን የነበረበት ጣት ይቆርጣል፣ ቀንበሩም ወደ አንድ ጎን ይሳባል። ክራራችሁ 47 ሳ.ሜ. ከሆነ ሁሉንም ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ቃኙ፤ ውጥረቱ ያው ይሆናል። ቁጥሩ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ነው፤ ቀንበሩ ላይ የሚደረደሩበት ተራ ከመምህር መምህር ስለሚለያይ የመምህራችሁን ተከተሉ።

ለጨርቅ መቃኛ 2 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የአቡጀዲ ቁራጭ ቀንበሩ ላይ ሦስት አራት ጊዜ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ፤ ክሩን በላዩ አምስት ዙር አዙሩና ጨርቁንና ክሩን አንድ ላይ አሽከርክሩ። ፖሊስተር ጨርቅ ይንሸራተታል። አቡጀዲውም ከተንሸራተተ ማሲንቆ መቺዎች ደጋናቸውን የሚያሹበትን ዕጣን ፈጭታችሁ ቀንበሩ ላይ እሹ። ጠመኔም ይሠራል፤ ግን ቶሎ ይረግፋል።

ብርኩማውን ከገበቴው የታችኛው ጠርዝ ከስፋቱ አንድ ሦስተኛ ላይ አቁሙና የእግሮቹን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ከፍታው ከ12 እስከ 18 ሚ.ሜ. ይሁን። የክር መቀመጫው ጥርስ የክሩን ግማሽ ውፍረት ብቻ ይዋጥ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

አንዱን ክር ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ቀንበሩን ያጋድማል። በመጀመሪያ ዙር ሁሉንም እስከ ግማሽ ውጥረት አምጡ፤ ተራው 1፣ 6፣ 2፣ 5፣ 3፣ 4 ነው። በሁለተኛው ዙር ከታለመው ድምፅ በታች ድረሱ። በሦስተኛው ቃኙ። ድምፁ ካለፈባችሁ ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ከታች ወደ ላይ ውጡ፤ ከላይ ወደ ታች የተቃኘ ክር ትንሽ ቆይቶ ይወርዳል።

ከዚያ እያንዳንዱን ክር መሐሉ ላይ ይዛችሁ 2 ሳ.ሜ. ያህል አምስት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጉና እንደገና ቃኙ። በመጀመሪያው ቀን ናይለን አንድ ሁለት ግማሽ ድምፅ ቢወርድ አትደንግጡ። «ይለምዳል» የሚባለው እዚህ ላይ እውነት ነው። በሦስተኛው ቀን ከአንድ ሌሊት ወደ ሌላው ከግማሽ ድምፅ በታች፣ በሰባተኛው ቀን ደግሞ ከ20 ሴንት በታች መውረድ አለበት (ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው፤ ቱነሩ ያሳያል)።

በየጠዋቱ ከመቃኘታችሁ በፊት የስድስቱንም ንባብ ጻፉ። ከዚህ ሁሉ ፍተሻ አንዱን ብቻ ለመሥራት ጊዜ ካላችሁ ይህን ሥሩ፤ ምክንያቱም የመውረዱ ዓይነት በሽታውን ይናገራል፦

- ስድስቱም በተቀራራቢ መጠን ከወረዱ ወይም ከወጡ፦ ቆዳው ነው። እርጥበት ሲስብ ይሰምጣል፣ ብርኩማው አብሮት ይወርዳል፣ ክሩ ይላላል። አየሩ ሲደርቅ ይገለበጣል። ጉድለት አይደለም።
- አንድ ክር ብቻ ከወረደ፦ ቋጠሮው ወይም ጥምጥሙ ነው። ፍቱና እንደገና ጠምጥሙት።
- የአንድ ጎን ሁለት ሦስት ክሮች ብቻ ከወረዱ፦ ክንዱ ወይም የቀንበሩ መገጣጠሚያ እየሸሸ ነው። ሁሉንም አላሉና ለሠሪው መልሱ። ይህ አይለምድም።
- ስድስቱም አየሩ ሳይለወጥ በየቀኑ ከወረዱ፣ መቼም ካልተመለሱ፦ ቆዳው ከሚስማሩ ወይም ከጠፍሩ እየተንሸራተተ ነው። ጠርዙን በጣት ዳስሱ፤ የተለጠጡ የሚስማር ቀዳዳዎች ታገኛላችሁ።

ደረጃ 8፦ በአራቱ ቅኝቶች መፈተን

አምባሰልና ባቲ የወሎ ምድር ስም የተሸከሙ ቅኝቶች ናቸው፤ እዚህ ግን የምንፈልጋቸው ለውበታቸው አይደለም። ከቅኝት ወደ ቅኝት መዞር ክራሩን በተለያየ ውጥረት ያስጨንቀዋል። በሰባተኛው ቀን፣ ከሙሉ ትዝታ ተነሱ፦

1. ወደ አምባሰል፦ 2ኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ 3ኛውን በግማሽ ድምፅ ከፍ፣ 5ኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ።
2. ወደ አንቺሆዬ፦ 4ኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ 5ኛውን በግማሽ ድምፅ ከፍ።
3. ወደ ባቲ፦ 2ኛውን በሦስት ግማሽ ድምፅ ከፍ፣ 4ኛውን በግማሽ ድምፅ ከፍ፣ 5ኛውን በሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ።
4. ወደ ትዝታ መመለሻ፦ 2ኛውን በሁለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ 3ኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ 5ኛውን በሁለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ።

በዚህ ሁሉ ዙር 1ኛውንና 6ኛውን ክር አትንኩ፤ ምስክሮቹ እነሱ ናቸው። በእያንዳንዱ ቅኝት ላይ ንባባቸውን ጻፉ። ባቲ ላይ ውጥረቱ ስለሚጨምር ክንዶቹ ትንሽ ይተጣጠፋሉ፤ ምስክሮቹ በጥቂት ሴንት ቢወርዱ ደግ ነው። ከ15 ሴንት በላይ ከወረዱ ክንዱ ወይም ቀንበሩ ቀጥኗል። ወደ ትዝታ ተመልሳችሁም ወደ ቦታቸው ካልመጡ የላላ መገጣጠሚያ አለ፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ቱነሩ የሚለካው በፒያኖ ልክ ነው። የአዝማሪ ጆሮ አንዳንዱን ድምፅ ከዚያ ትንሽ አዘንብሎ ይወደዋል፤ ለጨዋታችሁ በጆሮ ቃኙ፣ ለፈተናው ግን በቱነር።

ደረጃ 9፦ ድምፁን መስማት

እስካሁን ስለ ድምፅ ጥራት ያላነሳነው ሆን ብለን ነው። ቅኝት የማይይዝ ክራር ድምፁ ቢያምርም አይጠቅምም።

ክሮቹን በእጅ አፍናችሁ ቆዳውን መሐልና አራት ጎን ላይ በጣት መታ መታ አድርጉ። አንዱ ጎን ከሌላው «ድፍን» ካለ እዚያ ስብ ቀርቷል ወይም ላልቷል። ከዚያ ስድስቱን ክር በእኩል ጉልበት፣ አንድ በአንድ፣ እስኪጠፉ ጠብቃችሁ ምቱና በስልክ ቅዱ። አንዱ ከጎረቤቶቹ ቀድሞ ከሞተ የብርኩማው ጥርስ ጠልቆ ክሩን ውጦታል። የጥርሱን አፍ በቀጭን ሞረድ ክፈቱ እንጂ ወደ ታች አታጥልቁ።

ድዝዝታ ከሰማችሁ፦ ያ ለበገና ነው፤ በገና ላይ እንዝሩ (በክሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው ትንሽ ቆዳ) ሆን ተብሎ ይገባለታል። ክራር ግን ጥርት ማለት አለበት። ክሩ እየጮኸ ሌላ ሰው በጣቱ በተራ ይንካ፦ የብርኩማውን እግር፣ የክሩን ትርፍ ጫፍ፣ የጠፍሩን ቋጠሮ፣ ሚስማሮቹን፣ የክንዱን መግቢያ። ሲነካ ድዝዝታው ዝም ያለበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። ብዙ ጊዜ ያልተቆረጠ የክር ጫፍ ሆኖ ይገኛል።

ደረጃ 10፦ አየር መለወጥ፣ መጓጓዝ፣ ማኖር

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ባቲ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብላ ወደ ቆላው። ደሴ ላይ በጭጋግ የተቃኘ ክራር ባቲ ደርቆ ይጮኻል፤ ቆዳው ስለሚወጠር ክሮቹ ሁሉ ከፍ ይላሉ። ስለዚህ ቁልቁል ስትወርዱ ሁሉንም ከሁለት እስከ ሦስት ግማሽ ድምፅ አላሉ። ፈጽሞ አትፍቱ፤ ብርኩማው ይወድቃል። ሚኒባስ ውስጥ ሞተር ክዳን ላይ አታስቀምጡ፤ አውቶቡስ ጣሪያ ላይም አይጫን። ስትደርሱ ከመያዣው አውጥታችሁ አንድ ሰዓት ጠብቁና ቃኙ። ከ14ቱ የሙከራ ቀናት አንዱን ለእንዲህ ያለ ጉዞ ብታውሉት ጥሩ ነው።

በክረምት ቆዳው ሲላላ ከሰል ላይ መያዝ የከበሮ ልማድ ነው፤ ለክራር ግን ገበቴውን ይሰነጥቀዋል። የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት፣ 30 ሳ.ሜ. ርቆ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ቅቤም ዘይትም አትቀቡት፤ ቆዳው ይለሰልስና ድምፁ ይደነቁራል።

ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ የጭስ ቤት ግድግዳ ግን አይሁን። አይጥና ብል ጥሬ ቆዳ ይወዳሉ። በወር አንድ ቀን የጠርዙን ውስጥ በመብራት እዩ፤ ደቃቅ ዱቄት ካለ ብል ገብቷል። በለስላሳ ብሩሽ ጠርጉትና ነፋስ ያለበት ቦታ አውሉት።

ጠርዝ ላይ ከ1 ሳ.ሜ. ያነሰ ቅዳጅ ከወጣ ወዲያው ሁሉንም ክር አላሉ። በቅዳጁ ጫፍ ላይ በጋለ መርፌ ክብ ቀዳዳ ብሱ፤ ቅዳጁ ከዚያ አያልፍም። ከዚያ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ በኮላ ለጥፉበት። ብርኩማው ሥር የወጣ ቅዳጅ ግን አይጠገንም፤ ቆዳው ይቀየራል። ለዚህ ሲባል የመጨረሻውን ክፍያ ስትሰጡ ከቆዳው የተረፈውን ቁራጭ ጠይቁ። ብዙ ሠሪ ይጥለዋል፤ ለጥፍ ግን ውፍረቱም አደራረቁም ከክራራችሁ ጋር የሚገጥመው እሱ ብቻ ነው።